ሞተር ብስክሌቱ አረቅጥ ሲደርስ ለምን ይታፈናል?

አረቅጥ፤ ጉመር ወረዳ፦ ከወልቂጤ በጠዋት ደኅና ሆኖ የተነሣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ጉብሬን አልፎ ወደ ጉመር ደጋ መውጣት ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን አቀበት በሁለተኛ፣ ቀጥሎም በአንደኛ ይለምነዋል። ነጂው ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ መፍጠኑ ቀርቶ እየተንተባተበ ይታፈናል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። አረቅጥ ከተማ ዳር ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። ማስነሻውን ደጋግሞ ቢረግጡት መልስ የለም። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት ለብሶ፣ በቤንዚን ርሶ ይገኛል። ከኮርቻው ኋላ በታሰረው ሳጥን ውስጥ ያለው የዶሮ ክትባት ግን በበረዶ ላይ ነው፤ በረዶውም እየቀለጠ ነው።

በዚህ ጊዜ መንገድ ዳር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ‹‹ሞተሩ አርጅቷል›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ፋሻው አልቋል፣ ሬቲፊካ ይግባ›› ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ከጸና ሲሊንደሩ ተፈትቶ ወደ ከተማ ይላካል፤ ፒስቶንና ፋሻ ይገዛል፤ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የማኅበሩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተር ብስክሌቱ አረቅጥ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ቢታፈን ሊያስደንቅ አይገባም። የበሽታው ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከሲሊንደሩ ኋላ በተቀመጠችውና አንድ እጅ በምትጨብጣት ካርቡራቶር ላይ ነውና።

ስለዚህ ብር ከመውጣቱ በፊት የገበሬ ማኅበር መሪ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ‹‹ይህ ሞተር ወልቂጤ ላይ እንዴት ነው?›› ወልቂጤ ላይ ጤነኛ ሆኖ አረቅጥ ላይ የሚታፈን ሞተር ፋሻው አላለቀም፤ የበዛ ቤንዚን እየጠጣ ነው። ቆላም ደጋም ላይ እኩል የደከመ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እርጅናው እውነት ሊሆን ይችላል። ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

የገበሬ ማኅበራት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከተመሠረቱ ወዲህ ስማቸውም አደረጃጀታቸውም ተለዋውጧል። ዛሬ ሥራቸው በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፋፍሎ ይገኛል፤ ሕዝቡ ግን ‹‹ገበሬ ማኅበር›› ማለቱን አልተወም። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የልማት ሠራተኛው ሞተር ብስክሌት ሲቆም በመጀመሪያ የሚጠየቀው መሪው ነው። ገበሬው ‹‹እንሰቴ ጠወለገ›› ብሎ ሲመጣ መልስ የሚጠብቀው ከእርሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በሳይንስ ተመርምሮ ምንነቱ የታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ቢላዋ ነው። የታመመው ተነቅሎ እንዲቀበር፣ ቢላዋው በእሳት እንዲለበለብ የሚያስተምር ሰው በዚያው ሳምንት ካልደረሰ በሽታው ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። የድንች ምችም እንዲሁ ነው፤ ደመናና ብርድ ሲበረታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳ ሙሉ ያጠቁራል። ለዚህ ሁሉ የሚደርሰው ሰው በእግሩ ከመጣ ይዘገያል።

የጉራጌ ሕዝብ የመንገድን ጥቅም ከማንም ቀድሞ ካወቁት አንዱ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ መንገድ አስጠርጓል። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የሚሄድበት ቆሞ ሲታይ ያስቆጫል።

ደጋው ምን ያደርገዋል?

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አረቅጥ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከቡታጅራ አቅጣጫ የሚመጣውም ቢሆን ከፍተኛ ጫፉ ከ3,700 ሜትር የሚያልፈውን የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት መጋፈጡ አይቀርም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በወልቂጤ አንድ አምስተኛ ያህል፣ በአረቅጥ ደግሞ ከሩብ በላይ ያንሳል።

ይህን የሚጠራጠር ማጀት ገብቶ እናቶችን ይጠይቅ። ደጋ ላይ የተጣደ ባቄላ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ውሃ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ አረቅጥ ላይ ግን ገና 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ድስቱ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ የቆላውን ያህል አይደለም። ባቄላውን የሚያዘገየውና ሞተሩን የሚያፍነው ያው አንድ የሳሳ አየር ነው።

ካርቡራቶር ቤንዚንን በአየር እየበተነ ለሞተሩ የሚያቀብል መሣሪያ ነው። አየሩ በጠባብ ጉሮሮዋ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ከሥር ካለው ቋት ቤንዚኑ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስኑት መካኒኮች ጄት የሚሏቸው፣ መሐላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። የነሐሷ ቀዳዳ ግን ዳገት መውጣቷን አታውቅም። አየሩ በክብደት እያነሰ ሲሄድ እርሷ የምታሳልፈው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም። ውጤቱ ምድጃ ላይ እንጨት አጭቆ አየር እንደመከልከል ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ካርቡራቶሩ በጥሩ ሁኔታ ቢስተካከልም አሮጌው ሞተር አረቅጥ ላይ የቆላ ጉልበቱን አያገኝም። የሳሳ አየር የሚሰጠው ኃይል ራሱ ያነሰ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ፣ ከኋላ 50 ኪሎ ማዳበሪያ አስሮ እንደ ወልቂጤ ይውጣ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ማስተካከሉ የሚያስቀረው መታፈኑን፣ ጭሱንና የቤንዚኑን ብክነት ነው።

ገንዘብ የማያስወጣው ይቅደም

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ብዙ ሞተር ብስክሌት ያለ ጥፋቱ የሚፈታው እነዚህ ስለሚዘለሉ ነው።

የመጀመሪያው ቾክ ነው። የአረቅጥ ጠዋት ብርድ ነው፤ ሞተሩ ያለ ቾክ አይነሣም። ነጂው ቾኩን ስቦ ያስነሣና መመለሱን ይረሳል፤ ወይም ገመዱ ተወጥሮ ቾኩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። አየሩ በሳሳበት አገር ላይ ይህ ሲጨመር ሞተሩ በቤንዚን ይሰምጣል። እጀታው ሲመለስ ገመዱ ትንሽ ላላ ማለት አለበት።

ሁለተኛው የአየር ማጣሪያው ነው። በበጋ አቧራ የጠጣ፣ በክረምት ጭቃ የተረጨበት ማጣሪያ የሳሳውን አየር ደግሞ ያንቀዋል። የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙናና ውሃ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠጥቶ በመዳፍ ይጨመቃል። መጠምዘዝ ይቀደዋል። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። የወረቀት ዓይነት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፣ ካልሆነም ይለወጣል። ማጣሪያ ‹‹ከበደው›› ተብሎ ተነቅሎ የሚነዳ ሞተር ጥቂት ቀን ደስ ያሰኛል፤ አቧራው ሲሊንደሩን ሲፍቀው ግን ያኔ እውነተኛው ሬቲፊካ ይመጣል።

ሦስተኛው ቤንዚኑ ራሱ ነው። በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን ውሃ፣ ዝገት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ይዞ ይመጣል። ከካርቡራቶሩ ቋት ሥር ባለችው ማፍሰሻ ብሎን በኩል ትንሽ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማቆየት ይበቃል። ውሃ ካለ ከሥር ተንከባሎ ለብቻው ይቀመጣል። ቤንዚን በአፍ ስቦ በቱቦ መቅዳት ሳንባ የሚያቃጥል አደገኛ ልማድ ስለሆነ መቅረት አለበት።

አራተኛው ትንሽ ሆኖ ሰው የሚያደክም ነው። የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር በደንብ ሄዶ ይቆማል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ ደግሞ እንዳልታመመ ሰው ይነሣል። እንዲህ ያለ ሞተር ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ፣ መንገድ ላይ በሽተኛ ስለሚሆን መካኒኩንና ነጂውን ያጣላል።

እነዚህ ታይተው ካልተገኘ ወደ ካንዴላው ይኬዳል። ካንዴላ የማይዋሽ ምስክር ነው። ተጠርጎ ከገባ በኋላ ሞተር ብስክሌቱ አንድ አቀበት በአንድ ማርሽ ይውጣ፤ ጫፍ ላይ ፍሪሲዮን ተይዞ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋና ካንዴላው ይፈታ። ጫፉ የተቆላ ገብስ መልክ ካለው ልኬቱ ትክክል ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሷል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በዘይት የራሰ ጥቁር ከሆነ ግን ነገሩ ከካርቡራቶር ሊያልፍ ይችላል፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር የዘይት ፓምፑ ይታያል፣ በባለ አራት ምት ደግሞ ፋሻው። ጭሱም ቋንቋ አለው፤ ጥቁር ጭስ ቤንዚን ነው፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሬቲፊካ የሚባለው ቃል ባለአራት ምት ሞተር ሰማያዊ ሲጨስና ማስነሻው ሲረገጥ ያለ ተቃውሞ ሲወርድ ይምጣ።

ካርቡራቶሩ ሲፈታ

በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትና በየድርጅቱ ሲሠሩ የኖሩት እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ለእርሻ ሥራ ተብሎ እንደተሠራው ኤጂ 100 ያሉት አሮጌ ሞተሮች ካርቡራቶራቸው ቀላል ነው። በጥንቃቄ ከተፈታ በአንድ ሰዓት ይጸዳል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ ይሁን። ብሎኖቹ ለስላሳ ስለሆኑ በማይገጥም ካቻቢቴ ራሳቸው ይበላል።

ቋቱ ሲወርድ ተንሳፋፊው ይታያል። ቤንዚኑ በቋቱ ውስጥ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይነሣና በሾጣጣ ጫፍ ያለች ትንሽ መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቶ ቤንዚኑን ያቆማል። የመዝጊያዋ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ሰርጓዳ መስመር ከታየ አልቃለች፤ ካርቡራቶሩ የሚያንጠባጥበው በእርሷ ነው። ተንሳፋፊው ጆሮ ዘንድ ተይዞ ሲወዘወዝ ውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተበስቷል። የእነዚህ ዋጋ ከፒስቶን ጋር አይወዳደርም።

ጄቶቹ በብርሃን ላይ ተይዘው ቀዳዳቸው ክብ ሆኖ መታየት አለበት። የተደፈነውን በብስክሌት ፓምፕ መንፋት ወይም ከናይለን ብሩሽ በተነቀለ አንድ ፀጉር መክፈት ይቻላል። ሽቦና መርፌ ግን አይነካቸውም። የጄት ቀዳዳ የሚለካው ከሚሊሜትር በታች በሆነ ልዩነት ነው፤ ሽቦ አንድ ጊዜ ከፋቀው ሰፋ ማለት ነው፣ ሞተሩም ከዚያ ወዲያ በማንኛውም አገር ቤንዚን ይበዛበታል። በየጋራዡ በሽቦ የተፋቀ ጄት ስንት ሞተር እንዳስረጀ የቆጠረው የለም።

አሮጌ ሞተር ላይ ሌላም አለ። ከነዳጅ መስጫው ገመድ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ረጅም ቀጭን መርፌ በካርቡራቶሩ መሐል አለ። ለዓመታት በጠጠር መንገድ ሲንቀጠቀጥ መርፌውም፣ መርፌው የሚገባበት የነሐስ ቱቦም ይበላሉ። ቱቦው ሞላላ ሲሆን ቤንዚን በዙሪያው ያመልጣል። እንዲህ ያለ ሞተር ወልቂጤ ላይም በግማሽ ነዳጅ ሲነዳ ይጨሳል፤ ማስተካከል አያድነውም፣ ሁለቱ ዕቃዎች አብረው ይለወጣሉ።

በተቃራኒው፣ ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ሾልኮ ይገባል። ምልክቱ ሚኒሞው ከፍ ብሎ አልወርድ ማለቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ የጎማው ዙሪያ በሳሙና ውሃ ሲቀባ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ይህ ሳይጠገን ማስተካከል መጀመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ለአረቅጥ አየር ማስተካከል

ሞተሩ በየትኛው የነዳጅ መጠን ላይ እንደሚታፈን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። የነዳጅ መስጫው ገና ሲነካ የሚሠራው ትንሹ ጄትና የአየር ብሎኑ ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው መካከል የሚያዝዘው መርፌው ነው። ከዚያ በላይ እስከ መጨረሻው ዋናው ጄት ነው። እጀታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ መንዳት ይህን ያሳያል።

ቤንዚን መብዛት አለመብዛቱን ለማወቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለ። በሜዳ ላይ እየተነዳ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋ። በቋቱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ዝቅ እያለ ሲሄድ የሚሳበው ያንሳል። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ለአፍታ ከተስተካከለና ጉልበት ካገኘ፣ ቀድሞ በዝቶበት ነበር ማለት ነው። ወዲያው መዝጊያው ይከፈት። ቾክ በትንሹ ሲሳብ የሚሻለው ሞተር ደግሞ ቤንዚን አንሶታል።

የአየር ብሎኗ ከአየር ማጣሪያው በኩል በካርቡራቶሩ ጎን ትገኛለች። ከመነካቷ በፊት ስንት ዙር እንደተከፈተች በቀስታ እስክትዘጋ እየተቆጠረ ይጻፍ፤ ጠብቆ ማሠር መቀመጫዋን ያበላሻል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ትከፈት። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ያህል ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ብሎኗ በሩብ በሩብ ዙር ትዙር። ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖና ረግቶ የሚዞርበት ቦታ ሲገኝ እዚያ ትቆይ፤ ሚኒሞውም ወደ ቦታው ይመለስ። አረቅጥ ላይ ይህ ቦታ ከወልቂጤው ይልቅ ወደ መክፈቱ ያደላል። ሦስት ዙር ያህል ተከፍታም ለውጥ ከሌለ ትንሹ ጄት ለዚህ አገር ትልቅ ነው፤ ልትዘጋ ስትቃረብ ብቻ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ ጄቱ ተደፍኗል።

አንዳንድ ሞተሮች፣ በተለይም ባለ አራት ምቶቹ፣ ብሎኗ ከሞተሩ በኩል ያለች ናት። ያቺ የምትቆጣጠረው ቤንዚኑን ስለሆነ ሥራዋ የተገለበጠ ነው፤ ስትከፈት ቤንዚን ትጨምራለች። በየት በኩል እንዳለች ሳያዩ ካቻቢቴ ማስገባት ሙሉ ቀን ያስባክናል።

መርፌው ጫፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጎድጓዳ መስመሮች አሉት፤ ትንሽ ቅንጥብ በአንደኛው ላይ ትያዛለች። ቅንጥቧ ወደ ላይኛው መስመር ስትዛወር መርፌው ዝቅ ይላል፣ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል። ከወልቂጤ ወደ አረቅጥ ለሚለወጥ ሞተር አንድ መስመር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዋናው ጄት ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠብባል። ካንዴላው በሙሉ ነዳጅ አቀበት ከወጣ በኋላም ጥቁር ከሆነ አንድ ደረጃ ያነሰ ቁጥር ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

አዳዲሶቹ ኢንጄክሽን ያላቸው ሞተሮች ብዙዎቹ የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚኑን ስለሚመጥኑ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። በየገጠሩ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ግን ይህን የሚያደርግላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ቁልቁለቱ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለአረቅጥ የተለካ ሞተር ወልቂጤ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ተቀንሷል። ከዚያ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቢቀጥል ወንዙ ድልድይ ዘንድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ቤንዚን ያነሰበት ባለ ሁለት ምት ሞተር በሙሉ ነዳጅ ሲነዳ ይግላል፣ ፒስቶኑ አብጦ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ያለ ማስጠንቀቂያ ኋላ ጎማው ሊቆልፍ ይችላል። ጉልበት በድንገት ሲጎድልና የብረት ሽታ ሲመጣ ፍሪሲዮን ወዲያው መያዝ ነጂውን ከመውደቅ ያድናል። የበዛ ቤንዚን ኪስ ያራቁታል፤ ያነሰ ቤንዚን ግን ፒስቶን ይበላል።

ስለዚህ ሁልጊዜ በደጋና በቆላ መካከል የሚመላለስ ሞተር ዋና ጄቱ ለቆላው የተለካ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። አረቅጥ ላይ በአየር ብሎኗና በቅንጥቧ ብቻ ማቅለል፣ ወደ ቆላ ረጅም ጉዞ ከመነሣት በፊት መመለስ ይበቃል። አረቅጥ ላይ ውሎ አረቅጥ ላይ የሚያድር ሞተር ብቻ ሙሉ በሙሉ ለደጋ ይለካ። በረጅም ቁልቁለትም ነዳጅ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ሲወረድ በባለ ሁለት ምት ሞተር የሚደርሰው ዘይት ስለሚያንስ በየጊዜው ነዳጁን ለአፍታ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል። በክረምት ጀፎረ ላይ ሲነዱም ይታሰብበት፤ ሞተር ብስክሌት ያረሰው ጀፎረ ሣሩ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፣ ሽማግሌዎችም አይወዱትም።

የልማት ሠራተኞች ይዛወራሉ፤ ሞተሩ ግን እዚያው ይቀራል። አዲሱ ነጂ ሞተሩ ለየትኛው አገር እንደተለካ ሳያውቅ ይረከበዋል። ለዚህ አንድ ትንሽ ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልላ ከኮርቻው ሥር ብትቀመጥ በቂ ናት። በአንድ በኩል የወልቂጤው፣ በሌላው የአረቅጡ ይጻፍባት፤ የአየር ብሎኗ ስንት ዙር እንደተከፈተች፣ ቅንጥቧ ከላይ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለች፣ የዋናው ጄት ቁጥር፣ ማጣሪያው የታጠበበት ቀን። ርክክብ ሲደረግ ወረቀቷም ከቁልፉ ጋር ትቆጠር። ሞተሩ ጋራዥ ገብቶ ዕቃ ተለወጠ ከተባለም አሮጌው ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ለማኅበሩ ይመለስ። የተለወጠ ፋሻ ቀርቦ አዲስ ፋሻ አጠገቡ ሲያዝ፣ ማለቅ አለማለቁን ለማየት የመካኒክነት ትምህርት አያስፈልግም።